ከቦርከና ውሃ ነፃ ኗሪ አሜባን መለየት

በደሴና በኮምቦልቻ ጤና ጣቢያዎች «አሜባ» ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በሰገራ ምርመራ የሚገኘውን፣ ቁርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣውን ኢንታሜባ ሂስቶሊቲካን ነው። ነፃ ኗሪዎቹ ሌላ ወገን ናቸው። በወንዝ፣ በኩሬና በአፈር ውስጥ ባክቴሪያ እየበሉ ይኖራሉ፤ ለመራባት ሰው አያስፈልጋቸውም። በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶቹ ናቸው። ናግለሪያ ፋውለሪ ውሃ ወደ አፍንጫ ሲገባ የማሽተት ነርቭን ተከትሎ አንጎል ይደርሳል፤ ሕመሙ ብርቅ ቢሆንም ከያዘ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። አካንታሜባ በተለይ የዓይንን ኮርኒያ፣ ማለትም ከፊት ያለውን ግልጽ ሽፋን፣ ያቆስላል። ባላሙቲያ ማንድሪላሪስ ደግሞ ቆዳንና አንጎልን ያጠቃል። ናግለሪያ በመጠጣት አይዝም። ስለዚህ ናሙና የሚወሰድበትን ቦታ የሚወስነው ውሃው አፍንጫና ዓይን የሚነካበት ስፍራ ነው።

የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውሃው ወደ ታች በወረደ ቁጥር ይሞቃል። ናግለሪያ ፋውለሪ ሙቀት ወዳድ ነው፤ እስከ 46 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ያድጋል። ስለዚህ ልጆች የሚዋኙባቸው ጥልቅ ቦታዎች፣ የልብስ ማጠቢያዎች፣ ለውዱእ ውሃ የሚቀዳባቸው ዳርቻዎችና ሞቃት ፍሳሽ ወንዙን ከተቀላቀለበት በታች ያለው ክፍል ቀዳሚ ምርጫ ናቸው። ወቅቱ ከክረምቱ ጎርፍ በፊት ያለው ሞቃት ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ከየቦታው 1 ሊትር ውሃ በንጹሕ፣ ከጀርም በጸዳ ጠርሙስ ይቀዳል፤ አሜባዎቹ ደለልና ድንጋይ ላይ ስለሚሰፍሩ ከሥሩ ትንሽ ደለል ለብቻው ይወሰዳል። የውሃው ሙቀት፣ ፒኤችና ድፍርስነቱ እዚያው ይለካል።

ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለኮሊፎርም (ውሃ በሰገራ መበከሉን ለሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች) ምርመራ የለመደ ባለሙያ ጠርሙሱን በረዶ ባለው ሳጥን ውስጥ ያስገባዋል። ለናግለሪያ ይህ ጥፋት ነው፤ ንቁ የሆነው ትሮፎዞይት ከ10 ዲግሪ በታች ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው «አልተገኘም» የሚል ውጤት የወንዙን ሁኔታ አይናገርም። ጠርሙሱ በተራ የክፍል ሙቀት፣ ፀሐይ ሳያገኘው መጓዝ አለበት፤ ደሴ ከደረሰም በብርዱ ሌሊት መኪና ውስጥ አይደር።

ላቦራቶሪ ውስጥ ውሃው ከ1.2 እስከ 3 ማይክሮን ቀዳዳ ባለው ሜምብሬን (ስስ ማጣሪያ) ይጣራል። ውሃውን በማጣሪያው የሚስበው የፓምፕ ኃይል ለስላሳ ይሁን፤ ከበረታ ሕዋሱን ይቀደዋል። ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ይቆማል። ቦርከና ሲደፈርስ ማጣሪያው ወዲያው ስለሚደፈን በ50 ሚሊ ሊትር ቱቦ እያደረጉ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ከ500 እስከ 1,000 ጂ (የመሬት ስበት እጥፍ)፣ ለ10 ደቂቃ በሴንትሪፊዩጅ ማሽከርከር ይሻላል።

ማሳደጊያው ምግብ የሌለው 1.5 በመቶ አጋር (ከባሕር አልጌ የሚሠራ ጄል) ነው፤ የሚሟሟው በፔጅ ሳላይን፣ ማለትም በጣም ቀጭን የጨው ውሃ፣ ነው። ላዩ ላይ በ60 ዲግሪ የተገደለ ኢ. ኮላይ ይቀባል፤ የአሜባው ምግብ እሱ ነው። አጋሩን በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት ማምከኛ) ሲያበስሉ የደሴን ከፍታ ማሰብ ያስፈልጋል። በ15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) 121 ዲግሪ የሚገኘው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ደሴ ላይ በዚሁ ንባብ 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሚደርስ ወደ 19 ፒኤስአይ ከፍ ማድረግ ይፈለጋል፣ መሣሪያው ይህን ከፈቀደ። ካልፈቀደ ጊዜው ይረዝማል። የግፊት መለኪያውን ብቻ አምኖ የሠራ ሰው ሳህኖቹ ሻጋታ ያወጡበታል።

ማጣሪያው ፊቱ ወደ አጋሩ ተገልብጦ ይቀመጣል። አንዱ ሳህን በ30 ዲግሪ፣ ሌላው በ42 ወይም በ44 ዲግሪ ይገባል፤ ሁለተኛው ሳህን፣ ሙቀት የማይችሉትን አብዛኞቹን ዝርያዎች ያጣራል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየቀኑ እስከ 14 ቀን በማይክሮስኮፕ ይታያል። አሜባው ካለ ባክቴሪያው ተበልቶ የጠራ ክብ ይፈጠራል፣ በጠርዙም ሕዋሳቱ ተሰልፈው ይገኛሉ። የጠርዙ አጋር በትንሹ ተቆርጦ ወደ አዲስ ሳህን ይዛወራል። ሻጋታ ከቀደመ ማዛወሩ ቶሎ ቶሎ ይደጋገማል።

አካንታሜባ በእሾህ መሰል ቅጥያዎቹና ባለ ሁለት ግድግዳ፣ ማዕዘናማ ሲስቱ (ጠንካራ ሽፋን ለብሶ በሚያንቀላፋበት ቅርጹ) ይታወቃል። የናግለሪያ ሲስት ክብና ለስላሳ ነው። ናግለሪያ የተጠረጠረበትን ሕዋስ በ1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ አድርጎ በ37 ዲግሪ እስከ 4 ሰዓት መከታተል ነው፤ ሁለት ጭራ አብቅሎ መዋኘት ከጀመረ ወገኑ ታወቀ። ፋውለሪ መሆኑን ግን ቅርጽም ሙቀት መቻልም አያረጋግጡም፣ ምክንያቱም ጉዳት የሌላት ናግለሪያ ሎቫኒየንሲስም በ44 ዲግሪ ታድጋለች። የሚለየው ፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን አባዝቶ የሚለይ ምርመራ፣ ነው። ከደለል የሚመጣው ሁሚክ አሲድ ፒሲአሩን ስለሚያግድ ዲኤንኤውን አሥር እጥፍ ማቅጠንና የውስጥ መቆጣጠሪያ (ምርመራው መሥራቱን የሚያሳይ የታወቀ ዲኤንኤ) መጨመር ግድ ይላል። ባላሙቲያ ባክቴሪያ ስለማይበላ በዚህ ሳህን ላይ አይበቅልም፤ እሱን የሚፈልግ በቀጥታ ከተጠራቀመው ናሙና ፒሲአር ይሥራ።

ውጤቱ ሲጻፍ የውሃው ሙቀት፣ የተጣራው መጠንና ሳህኑ ያደረበት ሙቀት አብረው ይቀመጡ፤ «አልተገኘም» የሚለው ከነዚህ ውጪ ትርጉም የለውም። የኢ. ኮላይ ቁጥር ማነሱም ስለ አሜባ ምንም አይናገርም። ለውዱእ አፍንጫ የሚታጠብበትን ውሃ በተመለከተ ምክሩ ቀላል ነው፦ ኮምቦልቻ ላይ ከፈላ በኋላ 1 ደቂቃ፣ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ በሚፈላባት ደሴ 3 ደቂቃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ።