የአቼቶው ምርመራ ምንድን ነው?

«ምን ሆኜ ነው የምመረመረው?»

ሂርማታ ሰፈር ቡና ላይ የማህፀን በር ካንሰር ወሬ ከተነሳ ይህቺ ጥያቄ አቦሉ ሳያልቅ ትመጣለች። አይፈረድም። እኛ ሐኪም ቤት የምንሄደው ሲያመን ነው። ይሄ ግን ምንም ያላመማት ሴት የምታደርገው ምርመራ ነው። ቅድመ ምርመራ የተባለውም ለዚሁ ነው፦ የሚፈለገው ካንሰሩ ሳይሆን፣ ቆይቶ ካንሰር ሊሆን የሚችለው ለውጥ ነው።

በየጤና ጣቢያው የተለመደው ዓይነት ቪ አይ ኤ ይባላል። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ አቼቶ ነው። አዎ፣ ሰላጣ ላይ ጠብ የምናደርገው። ባለሙያዋ የማህፀን በሩን በመሣሪያ ገልጣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ በጥጥ ትቀባና 1 ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤነኛው ቦታ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። ለውጥ ያለበት ነጣ ብሎ ይወጣል። ትንሽ ቆጥቆጥ ሊያደርግ ይችላል፣ በቃ። ውጤቱንም እዚያው ትሰሚያለሽ።

ነጭ ታየ ማለት ካንሰር ተገኘ ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ቦታውን ብቻ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ያክሙታል፤ ከተቻለ በዚያው ቀን። «ማህፀኔን ያወጡብኛል» ብላ የቀረች ጎረቤት አለችኝ። እሷ የፈራችው ሌላ ሕክምና ነው።

መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። እዚህ ላይ ቤት እንዳይፈርስ! ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ስለሚችል ዛሬ መገኘቱ ማን መቼ እንዳመጣው አይናገርም። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት ራሱ በ1 ወይም በ2 ዓመት ያጠፋዋል። አልጠፋ ካለ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤች አይ ቪ ኖሮባት ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ምርመራው ከ30 ዓመት፣ ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ደግሞ ከ25 ጀምሮ ይመከራል።

የወር አበባ ላይ ከሆንሽ እስኪያልፍ ጠብቂ። ወንድ ባለሙያ ከከበደሽ ሴት ትኑር ብለሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም።

ባለፈው እትዬ፣ ስኒ እያጠቡ፣ «እኔስ? ስድሳ አልፎኛል» አሉ። በዚህ ዕድሜ መታየት ያለበት ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ አቼቶው ብዙም አይረዳም። የኤች ፒ ቪ ቫይረሱን ምርመራ ይጠይቁ አልኳቸው፤ ናሙናውን ሴቷ ራሷ መውሰድ የምትችልበትም መንገድ አለ። ደግሞ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ደም ከታየ፣ ወይም ከግንኙነት በኋላ ከደማ፣ ያ የቅድመ ምርመራ ጉዳይ አይደለም። ቀጠሮ ሳይጠብቁ ዛሬውኑ መታየት ነው። እትዬ ስኒውን አስቀመጡት። «አንድ ሁለቴ አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። በማግስቱ አብረን ሄድን።