«ልዕልት ሞኖኖኬ»፦ የደንና የብረት ፊልም

«ልዕልት ሞኖኖኬ» ጃፓናዊው ሃያዎ ሚያዛኪ ጽፎ ያዘጋጀው የአኒሜሽን ፊልም ነው። የሠራው ስቱዲዮ ጂብሊ ነው። ጃፓን ውስጥ ለእይታ የበቃው ጁላይ 12 ቀን 1997 (ሐምሌ 5 ቀን 1989 ዓ.ም.) ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጃል። አኒሜሽን ስለሆነ ብቻ ለሕፃናት የሚከፍቱት ወላጆች አሉ፤ እጅና አንገት የሚቆረጥበት ፊልም ስለሆነ ቀድሞ ማወቁ ይጠቅማል።

ታሪኩ የሚጀምረው በሰሜን ምሥራቅ ጃፓን፣ ተደብቆ በሚኖር የኤሚሺ ሕዝብ መንደር ነው። ናጎ የሚባል ግዙፍ የከርከሮ አምላክ በጥላቻ አብዶ መንደሩን ሊያጠፋ ይመጣል። ወጣቱ አሺታካ በቀስት ይገድለዋል፤ እርግማኑ ግን በክንዱ ይጋባበታል። ከከርከሮው ገላ ውስጥ የብረት ጥይት ይገኛል። አሺታካ ፀጉሩን ቆርጦ፣ ያኩል የተባለውን አጋዘን መሰል ቀይ እንስሳውን ጭኖ፣ ጥይቱ የመጣበትን ለማየት ወደ ምዕራብ ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው ጦርነት ነው። በአንድ ወገን ወይዘሮ ኤቦሺ የምትመራው ብረት የሚያቀልጥ ምሽግ አለ። በሌላው ወገን የጫካው አማልክትና ሞሮ የተባለች ተኩላ ያሳደገቻት ልጅ፣ የፊልሙ ስም የሚያመለክታት ሳን፣ አሉ።

ዘመኑ የሙሮማቺ ዘመን ነው። ይህ ዘመን ከ14ኛው እስከ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የዘለቀ ነው። የጃፓን የታሪክ ፊልም ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ሳሙራይና ቤተ መንግሥት ነው የሚታየው። ሚያዛኪ ግን ብረት አቅላጮችን፣ በሬ ነጂዎችን፣ ከሴተኛ አዳሪነት የወጡ ሴቶችንና በሽተኞችን ነው ወደ ፊት ያመጣው። ሳሙራዮቹ እዚህ ከርቀት የሚታዩ ዘራፊዎች ናቸው። ይህ ምርጫ ለእኔ ከፊልሙ ትልልቅ ድፍረቶች አንዱ ነው። ኤሚሺዎች በእውነተኛው ታሪክ የጥንቱ የጃፓን ማዕከላዊ መንግሥት፣ ያማቶ፣ ለረጅም ጊዜ የወጋቸው የሰሜን ሕዝቦች ናቸው፤ ከዛሬዎቹ የሰሜን ጃፓን ነባር ሕዝቦች፣ ከአይኑዎች ጋር ያላቸው ዝምድና አሁንም ያከራክራል።

ስለ ብረቱ ትንሽ መዘርዘር ያስፈልጋል፤ ያለሱ የፊልሙ ጠብ አይገባም። ጃፓኖች ታታራ የሚሉት የማቅለጫ ዘዴ በተለይ በምዕራብ ጃፓን በሺማኔ አካባቢ የበለጸገ ነው። ከጭቃ በተሠራ ምድጃ ውስጥ ብረት ያለበት አሸዋና የእንጨት ከሰል በየተራ ይጨመራል። ወናፉ ለቀናት ሌት ተቀን ሳያቋርጥ ይነፋል። በመጨረሻ ምድጃው ፈርሶ ብረቱ ይወጣል። በትልልቆቹ ምድጃዎች አንዱ ዙር ብቻ ከ10 ቶን በላይ ከሰል ይበላል። አሸዋውን ለማግኘት ኮረብታ ይናዳል፣ ወንዝ ይደፈርሳል። ስለዚህ ኤቦሺ ዛፍ የምትቆርጠው ከክፋት አይደለም። ምድጃው ካልበላ ሕዝቧ አይበላም።

በፊልሙ ወናፉን በእግራቸው የሚረግጡት ሴቶች ናቸው። በእውነተኛው ልማድ ግን ሴት ወደ ታታራ መጠጋት ክልክል ነበር፤ የብረት ሥራ ጠባቂዋ አምላክ ሴት አትወድም ይባል ነበርና። ሚያዛኪ ይህን ሆን ብሎ ገልብጦታል። ኤቦሺ ሴቶቹን ከሴተኛ አዳሪ ቤት ገዝታ ነው ያመጣቻቸው። እዚህ ሥራቸው ከባድ ነው፤ ነገር ግን ጠግበው ይበላሉ፣ ወንዶቹንም አፍ አውጥተው ይናገራሉ።

ከምሽጉ ጓሮ ደግሞ ገላቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሰዎች ጠመንጃ ይሠራሉ። እነዚህ የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ናቸው። ሚያዛኪ ከመኖሪያው ብዙም በማይርቀው የታማ ዜንሾኤን የሥጋ ደዌ ማገገሚያ እየሄደ የሕመምተኞቹን ሕይወት ማየቱን በኋላ፣ በ2016 በይፋ ተናግሯል። ጃፓን ሕመምተኞችን በግዳጅ አግልሎ ያኖር የነበረውን ሕግ የሰረዘችው በ1996 ነው። ፊልሙ የወጣው በዓመቱ ነው። ቁስላቸውን በእጇ ያጠበችላቸው ኤቦሺ ብቻ መሆኗን አንድ ሽማግሌ ለአሺታካ ሲነግረው፣ ሰይፉን ሊመዝ የነበረው ልጅ ዝም ይላል። ተመልካቹም እንደዚያው። ጫካውን የምታጠፋው ሴት እና የተጣሉትን የሰበሰበችው ሴት አንድ ናቸው።

በጫካው በኩልም ነገሩ ያው ነው። አማልክቱ ቅዱሳን አይደሉም። ከርከሮዎቹ ኩሩና ግትር ናቸው፣ ዝንጀሮዎቹ የሰው ሥጋ ይመኛሉ። የሁሉ የበላይ የሆነው ሺሺጋሚ ቀን ቀን የሰው ፊት ያለው አጋዘን ነው፣ ሌሊት ሰማይ የሚነካ ግዙፍ ፍጡር ይሆናል። ሲረግጥ ሣር ይበቅላል፣ ወዲያው ይጠወልጋል። ሕይወት ይሰጣል፣ ይወስዳል፤ ወገን አይዝም። የአሺታካ እርግማንም የሚበረታው ጥላቻ ሲነካው ነው። ጉልበት ይሰጠዋል፣ በዚያው ልክ ይገድለዋል። እንደ እኔ አስተያየት የፊልሙ ማዕከል ይህ ክንድ ነው።

ለደኑ ሥዕል ባለሙያዎቹ ወደ ያኩሺማ ደሴትና ወደ ሺራካሚ ሳንቺ ተራሮች ሄደው አጥንተዋል። ሁለቱም በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በያኩሺማ ሙስ በሚባል እንደ ምንጣፍ በሚዘረጋ አረንጓዴ ተክል የተሸፈነውን ጫካ ያየ ሰው ኮዳማ የሚባሉት ነጫጭ የዛፍ መናፍስት ብቅ እንዲሉ ቢጠብቅ አይፈረድበትም።

ፊልሙ ሥዕሎቻቸው በአብዛኛው በእጅ ቀለም ከተቀቡት የመጨረሻ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው። 144,000 ያህል ሥዕሎች ተስለውለታል። ከእነዚህ 80,000 ያህሉን ሚያዛኪ ራሱ እንዳየና እንዳረመ ይነገራል፤ በወቅቱ ዕድሜው 56 ደርሶ ነበር። ናጎ ከአሺታካ ጋር የሚገጥምበት የመክፈቻ ትዕይንት ሁለት ደቂቃ ገደማ ነው። ለእሱ ብቻ ከ5,000 በላይ ሥዕልና ከአንድ ዓመት በላይ ድካም ወጥቶበታል። በኮምፒውተር የተሠራው ምስል 5 ደቂቃ ያህል ሲሆን፣ ሌላ 10 ደቂቃ ገደማ ቀለሙ በኮምፒውተር ተቀብቷል። የቀረው ሁሉ የሰው እጅ ነው፤ ያስታውቃልም። ነፋስ ሣሩን ሲያተራምሰው ልብ ብላችሁ እዩት። ሙዚቃውን የደረሰው ጆ ሂሳኢሺ ነው።

ጃፓን ውስጥ ፊልሙ የሚገርም ተቀባይነት አገኘ። የአሜሪካው ፊልም «ኢ.ቲ.» ለዓመታት ይዞት የቆየውን የገቢ ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ብዙም ሳይቆይ «ታይታኒክ» ተረከበው። የጃፓን አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ሽልማትንም ወሰደ። አኒሜሽን ይህን ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

አሜሪካ ግን ሌላ ታሪክ ነው። አከፋፋዩ ሚራማክስ ፊልሙን አሳጥሮ ሊያወጣ ፈልጎ ነበር። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ቶሺዮ ሱዙኪ ለሚራማክሱ አለቃ ለሃርቪ ዋይንስታይን የጃፓን ሰይፍ ሰጥቶ «መቁረጥ የለም» አለው ይባላል፤ እንዴት እንደሰጠው የሚተረከው ግን ይለያያል። ፊልሙ በ1999 ሳይቆረጥ ወጣ። የእንግሊዝኛውን ቃለ ተውኔት ደራሲው ኒል ጌይማን አዘጋጀው። ገቢው ግን 2.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር።

ብዙዎች «የአካባቢ ጥበቃ ፊልም» ይሉታል። ከፊል እውነት ነው፤ ግን ያንስበታል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች መጨረሻውን የዘነጉ ይመስለኛል። ሺሺጋሚ ይሞታል፣ ተራራው መልሶ ይለመልማል፣ የበቀለው ግን የድሮው ጫካ አይደለም። ኤቦሺ አንድ እጇን አጥታ የተሻለ መንደር እንሠራለን ትላለች። ሳን አሺታካን ብትወደውም ሰዎችን ይቅር ማለት አልቻለችም፣ ወደ ጫካዋ ትመለሳለች። እሱ ምሽጉ ውስጥ ሊሠራ ይቀራል፣ ያኩልን ጭኖ እየሄደ ሊያያት። ፊልሙ አያጋባቸውም፣ አያስታርቃቸውምም።