ምጣዱ ከመኪናው ይበልጣል፦ አዳማ ላይ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የሚወራውና እውነታው

አዳማ ውስጥ ፍራንኮ በሚባለው ሰፈር አካባቢ ቡና የምንጠጣባት አንዲት ቤት አለች። ጠዋት እዚያ ከተቀመጥን ወሬው ከኳስ ወደ መኪና ለመዞር አምስት ደቂቃ አይፈጅበትም። ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ ካስታወቀ ወዲህማ ባሰበት። አንዱ «ግዛ፣ በነፃ ነው የምትነዳው» ይላል። ሌላው «ሁለት ዓመት ቆይቶ ባትሪው ሲሞት ዶሮ ታሳድርበታለህ» ይላል። እኔ ያገለገለች ኤሌክትሪክ መኪና ከገዛሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ።

«ቤት ቻርጅ ካደረግክ የግቢው መብራት አለቀለት»

ይህን ያሉኝ አከራዬ ናቸው። መኪናዋን ይዤ የገባሁ ዕለት ቆጣሪው አጠገብ ቆመው ነው የጠበቁኝ። አልፈረድኩባቸውም። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ከመኪናዋ ጋር የመጣው ቻርጀር በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። ይህ 2.2 ኪሎዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ደግሞ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይወስዳል። «እማማ፣ የእርስዎ ምጣድ ከእኔ መኪና ይበልጣል» ስላቸው አላመኑኝም። ምጣዱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቤላቸው ነው የለቀቁኝ።

ልዩነቱ ሰዓቱ ላይ ነው። ምጣዱ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናዋ ሌሊቱን ሙሉ ትስባለች። ይህን ንቄ በመጀመሪያው ወር በቀጭን ኤክስቴንሽን፣ በመስኮት አውጥቼ ሰካኋት። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ ቀሰቀሰኝ። ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቋል። ጥፋቱ የእኔ ነው። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ከቆጣሪው ቀጥታ የራሱ ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ግራውንድ (የሚያፈስ ኮረንት ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) አስገባሁ። ግራውንዱን አደራ። ብዙ ቤት የለውም፤ አንዳንዱ ቻርጀር ደግሞ ግራውንድ ካላገኘ ጭራሽ አይጀምርም።

ከማታ ሦስት ሰዓት እስከ ጠዋት አንድ ሰዓት ከተሰካች 22 ኪሎዋት ሰዓት (2.2 ኪሎዋት በ10 ሰዓት ሲባዛ) ትወስዳለች። ይህ በእኔ አነዳድ ወደ 120 ኪሎ ሜትር ያስኬደኛል። አዳማ ውስጥ በቀን 120 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ከታክሲ ሹፌር ሌላ ማን አለ?

«መብራት ሲጠፋ ቆመህ ትቀራለህ»

መብራት ይጠፋል፤ አልክድም። ነገር ግን ኤሌክትሪክ መኪና እንደ ስልክ እስኪያልቅ ተጠብቆ አይሞላም። ቤት በገባሁ ቁጥር እሰካለሁ። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ለሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ቀናት የሚበቃ ይኖረኛል። ደግሞ የነዳጅ ማደያውም ፓምፕ በመብራት ነው የሚሠራው። የቤንዚን ሰልፍ ላይ ያደረ ሰው ስለ መብራት መጥፋት ሲያስተምረኝ ትንሽ ይገርመኛል።

«አዲስ አበባ አያደርስም»

ይህኛው ላይ ቆም ልበል። ስህተቱ በሁለቱም በኩል ነው።

አስመጪው «በአንድ ቻርጅ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚነግራችሁ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የቻይናው መለኪያ፣ ሲኤልቲሲ የሚባለው ነው። መለኪያው በዝግታ የሚነዳ የከተማ መንገድ ይበዛበታል። የአዳማ–አዲስ የፍጥነት መንገድ እንዲያ አይደለም። በሰዓት ከ90 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትወጡ አየሩ መኪናውን የሚገፋበት ኃይል ወደ 1.8 እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 305 ኪሎ ሜትር የተጻፈላት፣ 30 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ያላት ቢዋይዲ ሲጋል የምትባለው ትንሽ የቻይና መኪና በዚያ መንገድ 305 ትሄዳለች ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

ሁለተኛው ዳገቱ ነው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ትንሽ አለፍ ትላለች። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። ስንሄድ 700 ሜትር ያህል እንወጣለን። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ሲሰላ ግን ያን ያህል አይደለም። ሰው ጭኖ ወደ 1.9 ቶን የሚመዝን መኪና 700 ሜትር ለመውጣት የሚጨምረው 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ላለው ከአሥራ አምስት አንድ ገደማ ነው። በመልሱ ደግሞ ቁልቁል ስትመጡ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆንና ከወሰደው የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል። ከቢሾፍቱ በታች እግሬን ከነዳጅ ሳነሳ (አፌ ለምዶት ነው፣ ነዳጅ የለም) ፍሬን ሳልነካ ፍጥነቷ ይቀንሳል፤ ባትሪውም ይሞላል።

ታዲያ ይደርሳል? በትልቅ ባትሪ ደርሶ መልስ ያለ ሐሳብ። በትንሿ ሲጋል መሄዱ ምንም አይደል፤ ደርሶ መልሱ ግን በቋፍ ነው፣ አዲስ አበባ ሳትሰኩ አትመለሱ። የአሰላው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ቢሆንም ዳገቱ እንደ አዲስ አበባው ስለሆነ ሒሳቡ ያው ነው። ስትገዙ ደግሞ የመሰኪያውን ዓይነት እዩ። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ የሚባል መሰኪያ አለው፤ የአውሮፓው ሌላ ነው። ፈጣን ቻርጅ ጣቢያ ደርሶ «አይገባም» መባልን የመሰለ ነገር የለም።

«ባትሪው በዚህ ሙቀት ሁለት ዓመት አይቆይም»

ይህ ወሬ ከምንም አልተነሳም። ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የወጣው የመጀመሪያው ኒሳን ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አልነበረውም። አሜሪካ አሪዞና በረሃ ውስጥ ባትሪው ቶሎ ደክሞ ባለቤቶቹ ጮኸዋል። ዛሬ የሚገቡት አብዛኞቹ ግን ባትሪያቸውን ራሳቸው ያቀዘቅዛሉ። በአማካይ የሚቀንሰው በዓመት 2 በመቶ ገደማ ነው። ብዙ አምራቾች ለ8 ዓመት ወይም ለ160,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና የሚሰጡት ወድደው አይደለም፤ ስላሰሉት ነው።

ግን ዋስትናው እዚህ ይሠራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በግለሰብ ተጭኖ ለመጣ መኪና አምራቹ ቻይና ተቀምጦ አዳማ ድረስ አይመጣም። ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ቀለሙንና ወንበሩን ከማየታችሁ በፊት የባትሪውን የጤና መጠን በኮምፒውተር አስነብቡ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፀሐይ ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ማቆም ለባትሪ ጥሩ አይደለም። ኒኬል ያለበት ከሆነ ለዘወትር 80 በመቶ ይበቃል። ኒኬል የሌለበት፣ ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ግን አልፎ አልፎ እስከ 100 መሞላቱን ይፈልጋል። የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ።

«ዝናብ ላይ ኮረንት ይይዛል»

አይይዝም። ባትሪው የታሸገ ነው፤ ኮምፒውተሩ ትንሽ የኮረንት መፍሰስ ካየ ራሱ ይቆርጠዋል። ክረምት ላይ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ ውስጥ ግን በማንኛውም መኪና አትግቡ።

«ጥገና የሚባል ነገር የለውም»

ይህ ደግሞ የወዳጆቹ ስህተት ነው። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላ፣ የነዳጅ ፊልትሮ፣ ፍሪሲዮን የለውም፤ እውነት ነው። የፍሬን ሸራም ቶሎ አያልቅም። ጎማ ግን ይበላል፤ መኪናው ከባድ ነዋ። ጎሚኒና አሞርዛተር በእኛ ኮብልስቶን እንደማንኛውም መኪና ያልቃሉ። የፍሬን ዘይትና የማቀዝቀዣ ፈሳሽ አለው። የአዳማ አቧራ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራውን ፊልትሮ በወራት ያጠቁረዋል። ባትሪው ከሆዱ ሥር ስለተነጠፈ ከፍ ያለ ስፒድ ብሬከር ላይ በግዴለሽነት መውጣት ውድ ነው።

ማንም ያልነገረኝ ደግሞ ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነች። በሩን የምትከፍተው፣ ኮምፒውተሩን የምታስነሳው፣ ትልቁን ባትሪ የምታገናኘው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ሠርግ ልሄድ ለባብሼ ወጣሁ፤ መኪናዋ ሬሳ ሆና ጠበቀችኝ። ትልቁ ባትሪ 74 በመቶ ነበረው፤ ትንሿ ግን ሞታለች። የሰፈር ልጆች «እንግፋት» ብለው ተሰበሰቡ። ኤሌክትሪክ መኪና ተገፍቶ አይነሳም። በገመድ መጎተትም አይወድም፤ ጎማው ሲዞር ሞተሩንም አብሮ ስለሚያዞረው ሊጎዳው ይችላል። ከተበላሸ በመኪና ላይ ተጭኖ ነው የሚሄደው። እኔን ከጎረቤት ቪትዝ ባትሪ በተወሰደ ገመድ ነው ያስነሱኝ። ቪትዝ ኤሌክትሪክ መኪናን አስነሳ ተብሎ ፍራንኮ ላይ ሳምንት ተሳቀብኝ።

የመለዋወጫው ነገር ያው እንደምታውቁት ነው። ሞተሩ አይደለም የሚያስቸግረው፤ አንድ የፊት መብራት ቢሰበር ለወር መጠበቅ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ተመሳሳዩ መኪና ከተማው ውስጥ ስንት እንዳለ ቁጠሩ።

«መብራቱም በናፍጣ ነው የሚመነጨው፤ ምን ልዩነት አለው?»

ሌላ አገር ይሆናል። እኛ ጋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ከነፋስ። ያልታየው ካለ ከከተማው ወጣ ብሎ ቀና ይበል። አዳማ 1 በ51፣ አዳማ 2 በ153 ሜጋዋት ኮረብታው ላይ ይሽከረከራሉ።

«ለማንም ቢሆን ያዋጣል»

ሒሳቡ እንዲቀል ቤንዚኑን በ100 ብር ልያዝ፤ ከዚያ እንዳለፈ እናውቃለን። መብራቱን ሆን ብዬ አስወድጄ ኪሎዋት ሰዓቱን በ10 ብር ልያዝ። ትንሽ የቤንዚን መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቢጠጣ 700 ብር ነው። ኤሌክትሪኳ፣ ቻርጅ ሲደረግ የሚባክነውን ጨምሮ፣ 18 ኪሎዋት ሰዓት ብትወስድ 180 ብር። ልዩነቱ 520 ብር ነው።

አሁን ሁለት ሰው አስቡ። ቢሾፍቱ እየተመላለሰ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይነዳል። በዓመት 300 ቀን ቢነዳ 156,000 ብር ይተርፈዋል። እሱ ግን ይህን ይወቅ፦ የቤት መብራት ታሪፍ በእርከን ነው። በወር 450 ኪሎዋት ሰዓት ለመኪና ብቻ ሲጨምር ከነቤቱ ፍጆታ ከ500 አልፎ ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። እንዲያም ሆኖ ያዋጣዋል፤ የራሱ ግቢ ስላለው ደግሞ ማታ ይሰካል።

አጎቴ ደግሞ ጡረታ ወጥቷል። ከቤት ፖስታ ቤት፣ ከፖስታ ቤት ቤተ ክርስቲያን፤ በቀን ቢበዛ 10 ኪሎ ሜትር። የሚተርፈው በዓመት 15,600 ብር ነው። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪናውን የሚያሳድረው መብራት በሌለበት ፓርኪንግ። ያለውን ቪትዝ ሸጦ ሚሊዮን ጨምሮ ሊገዛ ሲል ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ተው ይቅርብህ» አልኩት። ተቆጣ፤ አንተ ገዝተህ እኔን ትከለክላለህ ብሎ። ማታ ላይ ግን መልሶ ደውሎ የቪትዙን ጎማ የት እንደሚያስቀይር ጠየቀኝ።