“ከፍ አድርጌ አስቀምጬዋለሁ” አይበቃም፦ ሕፃን ባለበት ቤት የሚደጋገሙ ስሕተቶች

ሕፃን በረኪና ጠጥቶ ጤና ጣቢያ ሲደርስ ከወላጅ አፍ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚወጣው “እኔ እኮ ከፍ አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት” የሚል ነው። ውሸት አይደለም፤ ከፍ ብሎ ነበር። “ከፍ” ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ግን የለካ የለም።

እስቲ እንለካው። የ2 ዓመት ልጅ ቁመቱ 85 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ያህል ይደርሳል። የተለመደው የፕላስቲክ በርጩማ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ በርጩማውን ገፍቶ ሲቆምበት ጣቱ አንድ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው ማለት ነው። የኩሽና ጠረጴዛው፣ የመስኮቱ ደፍ፣ የትንሹ ፍሪጅ አናት፣ የብፌው መሃል መደርደሪያ፣ ሁሉም ከዚያ በታች ናቸው። ልጆች አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ሲሆናቸው ያለ ረዳት ሶፋ ላይ መውጣት ይጀምራሉ፤ ባለፈው ወር ያልተደረሰበት ቦታ በዚህ ወር ይደረስበታል። ስለዚህ የሚያስተማምነው ከፍታ ሳይሆን ቁልፍ ነው። ለበረኪና፣ ለላምባ፣ ለአይጥ መርዝና ለመድኃኒት አንድ የሚቆለፍ ሳጥን ይበቃል፤ ቁልፉ ግን በሩ ላይ ተሰክቶ አይዋል። “ልጅ አይከፍተውም” የሚባለው ተጭነው የሚያዞሩት ክዳንም ቢሆን ልጁን ያዘገየዋል እንጂ አይከለክለውም።

ይህ ሁሉ ግን የጉዳዩ ትንሹ ክፍል ነው። ትልቁ፣ ዕቃው ሲሠራበት የት ነው የሚቀመጠው የሚለው ነው። መደርደሪያ ላይ ያለውን በረኪና ሁሉም ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ወለል ላይ የወረደውን ግን ማንም አያየውም። ልብስ እየታጠበ ጠርሙሱ ክዳኑ ላልቶ ከሳፋው ጎን ይቀመጣል። በር ይንኳኳል፣ ወጥ ያርራል፣ ስልክ ይጠራል። ልጁ የሚያስፈልገው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነው። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ የሚፈለገውን ያህል ለክቶ ሳፋው ውስጥ መጨመር፣ እዚያው መክደን፣ መልሶ መቆለፍ፣ እጥበቱን መጀመር የመጨረሻው ነው። ብዙ ቤት ግን ጠርሙሱ የሚመለሰው ልብሱ ከተሰጣ በኋላ ነው።

ከዚህ የባሰው ሃይላንድ ነው። በሊትር የተገዛ በረኪና በባዶ የውሃ ጠርሙስ ተቀድቶ ይመጣል፤ ላምባውም፣ ፈሳሽ ሳሙናውም እንዲሁ። “ጽፈንበታል እኮ” ይባላል። ለማን? ሕፃን ጠርሙስን የሚለየው በቅርጹ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ ከሃይላንድ ውስጥ ውሃ ሲወጣ ነው ያየው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ውሃ የጠማው አዋቂም ቢሆን ጽሑፍ አያነብም። በሊትር መግዛት ግድ ከሆነ ሱቅ የሚሄደው የበረኪናው የራሱ ዕቃ ይሁን፤ ምግብና መጠጥ ተይዞበት የሚያውቅ ዕቃ ለኬሚካል አይውልም፣ ኬሚካል የተያዘበትም ወደ ውሃ አይመለስም። በዚያው እጅ፣ በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

“ወተት መርዝ ያረክሳል” የሚለው ደግሞ በየቤቱ አለ። አያረክስም። ብዙ ወተት በግድ የተጋተ ልጅ ያስመልሰዋል፤ ሲወርድ ያቃጠለው በረኪና ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። ላምባ ሲሆን የበለጠ ይከፋል፤ ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ ይገባል። ጣት ጉሮሮ ውስጥ መክተትም በዚሁ ምክንያት ክልክል ነው። አፉ ውስጥ የቀረውን ማስወጣት፣ በውሃ ማጉመጥመጥ፣ የነካው ልብስ ካለ ማውለቅ፣ ጠርሙሱን ይዞ ወዲያው ወደ ሕክምና መሄድ። ጠርሙሱን መርሳት የለብዎትም፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ምን እንደጠጣና ምን ያህል እንደጠጣ ነው።

“ቫይታሚን ነው፣ አይጎዳም።” ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው የአይረን እንክብል በጣት የሚቆጠር ብቻ ተውጦ ሕፃን ሊገድል ይችላል። ቦርሳ ውስጥና ትራስ ሥር አይቀመጥ። መድኃኒት ለማስዋጥ ብለውም “ከረሜላ ነው” አይበሉ፤ ያምንዎታል።

“ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ እኮ ትንሽ ነው።” አምስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ በፊቱ ይደፋል፣ ክንዱም ራሱን መልሶ የማንሳት ጉልበት የለውም። ደግሞም አይጮኽም፤ አፉ ውሃ ውስጥ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ “አታጠራቅሙ” ማለት ቀልድ ነው። የሚቻለው አፈ ጠባብ ባለ ክዳን ጀሪካን መጠቀም ነው። በርሜል ካለ ክዳኑ የሚጠብቅና የሚታሰር ይሁን፤ ከላይ ጣል የተደረገ ትሪ ክዳን አይደለም። የመታጠቢያ ቤቱን በር በውጭ በኩል፣ በአዋቂ ዓይን ቁመት ላይ፣ መቀርቀሪያ ያስገቡለት። የእጥበት ሳፋም ሥራው እንዳለቀ ይደፋ፣ “ለወለል መወልወያ ይሆናል” ተብሎ አይደር።

“ከሰሉ ፍም ከሆነ አይጎዳም።” ጭሱ ቆመ እንጂ ጋዙ አልቆመም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ይህ ገዳይ ጋዝ አይሸትም፣ አይታይም። ውጭ አቀጣጥሎ ማስገባት አይፈታውም፤ ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ይውጣ፣ ሌሊት ለሙቀት ብሎ ማስገባትማ አይታሰብ። ማንደጃውና ጀበናው ወለል ላይ ሳሉ ደግሞ ገና የሚድህ ልጅ ከረከቦቱ ማዶ በሰው እቅፍ ይሁን። “ሂድ” የሚለውን ቃል አይረዳም።

“ለቃጠሎ የጥርስ ሳሙና።” ሊጥም፣ ቅቤም፣ እንቁላልም አይቀባም፤ ሙቀቱን ቆዳው ውስጥ ያፍኑታል፣ ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት ያን ሁሉ መፋቅ ይኖርበታል። ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማፍሰስ ነው፤ በረዶ አይደለም። ቧንቧው ከደረቀ ከጀሪካን በጣሳ እየቀዱ።

“ቆሎ ጥርስ ያጠነክራል።” ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ቆሎና ለውዝ አይሰጥ፤ መንጋጋ ጥርሱ በደንብ አያደቅቀውም፣ እየሳቀ ከበላ አየር ቧንቧው ውስጥ ይገባል።

“አሻንጉሊት ሲበዛለት ዝም ይላል።” ሲበዛ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል፣ ቤቱም ይዝረከረካል። አምስት ስድስት ይተዉለት፣ የቀረውን ካርቶን ውስጥ ከተው በየሁለት ሳምንቱ ይቀያይሩ።

“ዕቃ ማንሳት ሲያድግ ይማራል።” የ2 ዓመት ልጅ ኳስ ሣጥን ውስጥ መክተት ይችላል። የሚያቅተው “ቤቱን አስተካክል” የሚለው ትእዛዝ ነው። ክዳን የሌለው፣ ከጉልበቱ ከፍታ የማያልፍ ካርቶን ይስጡትና አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ይጥሩለት፦ “ኳሶቹን እዚህ።” መጀመሪያ ሰሞን አብረውት ይክተቱ፤ ግማሹን መልሶ ያወጣዋል፣ ያው ነው።

“ሠራተኛዋ ታውቃለች።” ማን ነገራት? ሳጥኑን፣ ቁልፉንና የበረኪናውን ቅደም ተከተል በመጣችበት የመጀመሪያ ቀን በእጅዎ ያሳዩዋት፤ ከዚያ እሷ ሠርታ ታሳይዎት።