ሚኒ ሚዲያ ምንድን ነው? ጋዜጠኝነት የሚሆነውስ መቼ ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሃይስኩል የተማረ ሰው ሚኒ ሚዲያን ሳያውቅ አይወጣም። ጠዋት ባንዲራ ተሰቅሎ ሰልፉ ሳይበተን፣ ወይም እረፍት ሰዓት ላይ፣ ከሞንታርቦው ድንገት ፉጨት ይወጣና «እንደምን አደራችሁ የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ» የሚል ድምፅ ይከተላል። ድምፁ ሆን ተብሎ ወፍሯል፣ የሬዲዮ ሰው ለመምሰል። ከዚያ ጥቅስ፣ ግጥም፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?»፣ የርዕሰ መምህሩ ማስታወቂያ፣ መጨረሻ ላይ ዘፈን። ደወል ተደወለ፣ አለቀ።

ሚኒ ሚዲያ በአጭሩ ተማሪዎች ትምህርት ቤታቸው ውስጥ የሚያዘጋጁትና የሚያቀርቡት መገናኛ ነው። እንደ ሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ እንደ ቀይ መስቀል ክበብ ሁሉ በክበብ ይደራጃል፣ አስተባባሪ መምህር ይመደብለታል፣ አንድ ጠባብ ክፍል ይሰጠዋል። ሰው የሚያውቀው በድምፅ ማጉያው ይሁን እንጂ የግድግዳ ጋዜጣውም፣ አንዳንድ ቦታ በዓመት አንዴ የሚወጣው መጽሔትም፣ አሁን አሁን ደግሞ የቴሌግራም ቻናሉም የእሱ ሥራ ነው።

ትርጉሙ ይኼው ነው። የኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ ሚኒ ሚዲያ ያለው ትምህርት ቤት ሁሉ የተማሪ ጋዜጠኝነት አለው ወይ? በኔ አስተያየት፣ ብዙው የለውም። ለምን ቢባል ከላይ ከዘረዘርኳቸው ውስጥ ማንም ሰው ሄዶ፣ ጠይቆ ያመጣው ነገር የለም። ጥቅሱ ከቴሌግራም ተቀዳ፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል?» ከጎግል ተገለበጠ፣ ማስታወቂያው ከቢሮ ተላከ። ድሮ ነጋሪት እየተጎሰመ «የሰማህ ላልሰማህ አሰማ» ይል ከነበረው አዋጅ ነጋሪ በምን ይለያል? አዋጅ ነጋሪ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ሚድ ፈተና መቼ እንደሚጀምር መነገር አለበት። አዋጅ ነጋሪው ግን «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም።

የተማሪ ጋዜጠኝነት ማለት ተማሪው ስለ ራሱ ትምህርት ቤትና ሰፈር የሚመለከታቸውን ሰዎች ጠይቆ፣ የተነገረውን አጣርቶ፣ ያገኘውን ለሌሎች ተማሪዎች ሲያቀርብ ነው። ሌላው፣ ማይኩም ወፍራሙ ድምፅም፣ ጌጥ ነው።

በምሳሌ እንየው። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ በምሳ ሰዓት መዘጋት ጀመረ እንበል። ግቢ ውስጥ ወሬው ወዲያው ሦስት ዓይነት ይሆናል። አንዱ «መጽሐፍ ስለተሰረቀ ነው» ይላል። ሌላው «የላይብረሪ ሠራተኛዋ ለቀቀች» ይላል። ሦስተኛው «12ኛ ክፍሎች ስለሚረብሹ ነው» ይላል፣ እሱ 10ኛ ክፍል ነው። አበው «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምርበት» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው። ታዲያ ሪፖርተሯ ምን ታድርግ?

መጀመሪያ ራሷ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ሄዳ በሩን ትይ። (አትሳቁ፣ ይችን ደረጃ የሚዘላት ብዙ ነው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ጋዜጠኛ እንኳ ይዘላታል።) በሩ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ካለ ቃል በቃል ትገልብጠው፣ ቀኑንና የፈረመውን ሰው የሥራ ድርሻ ጭምር። ቀጥሎ እዚያ የሚሠሩትን ታናግር። ከዚያ በምሳ ሰዓት ያነቡ የነበሩ ተማሪዎችን፣ ያውም ጓደኞቿን ብቻ ሳይሆን ቤታቸው ሩቅ የሆነውን፣ ምሳ ዕቃ ይዘው የሚመጡትንና ቤት ደርሶ መመለስ የማይሆንላቸውን ፈልጋ ታናግር፤ ጉዳዩ በዋናነት የሚነካው እነሱን ነውና። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ዘንድ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ለዚህም ምክንያት አለው። ባዶ እጅሽን ከገባሽ «እየተነጋገርንበት ነው» ተብለሽ ትወጫለሽ። የወረቀቱን ግልባጭ ይዘሽ፣ «ሠራተኞቹ እንዲህ ብለውኛል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» ብለሽ ከገባሽ ግን መልስ ሳይሰጡ መሸኘት ይከብዳቸዋል።

አሁን መጻፍ። እኛ ሀገር ተማሪ ዜና ጻፍ ሲባል ድርሰት ይጀምራል፦ «እንደሚታወቀው ቤተ መጻሕፍት ለአንድ ተማሪ የዕውቀት ገበታ ከመሆኑም ባሻገር...» አንባቢው እዚህ ጋ ጥሎት ሄዷል። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ ተብሎ የተማርነው ለድርሰት ይሠራል። ዜና ላይ ዋናው ነገር ከፊት ይመጣል፦

«የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ከሰኞ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ዝግ ሆኗል። ምክንያቱ የሠራተኛ እጥረት መሆኑን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ተናግረዋል።»

ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ ማን፤ አምስቱም በሁለት ዓረፍተ ነገር ገብተዋል። እንዴት ይፈታል፣ ተማሪው እስከዚያ እንዴት ይሁን የሚለው ቀጥሎ ይመጣል፣ ዝርዝሩ ደግሞ ወደ ታች። በራስሽ አፍ «እጥረት አለ» እንዳላልሽም ልብ በይ። ያሉት እሳቸው ናቸው። የላይብረሪ ሠራተኞቹ «እጥረት የለም» ካሉሽ ያም በስማቸው ይገባል፣ ሁለቱ ቃሎች ጎን ለጎን ይቀመጡና አንባቢ ይየው። «ይህ እጅግ አሳፋሪ ተግባር ነው» የሚል ነገር ካማረሽ ግን ቦታው ርዕሰ አንቀጽ ወይም የአስተያየት ዓምድ ነው። ዜናው ውስጥ አታስገቢው።

ማጣራት የሚባለው ነገር ከምክር ያለፈ እንዲመስላችሁ አንድ የሆነ ታሪክ ልንገራችሁ። አሜሪካ፣ ካንሳስ ግዛት ውስጥ ፒትስበርግ ሃይስኩል የሚባል ትምህርት ቤት አለ። በፈረንጆቹ 2017 አዲስ ርዕሰ መምህርት ተቀጠሩ፣ የተማሪዎቹ ጋዜጣ አዘጋጆችም ስለ እሳቸው ሊጽፉ ተነሱ። እንደ ደንቡ የትምህርት ዝግጅታቸውን ማየት ጀመሩ። ማስተርስና ዶክትሬት አገኘሁበት ያሉት ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጹ አይሠራም። ዕውቅናውም አጠያያቂ ሆነ። ልጆቹ ሴትዮዋን ራሳቸውን በስልክ ጠየቁ፣ የተሰጣቸው መልስ አልገጥም አላቸው። ያገኙትን አሳተሙ። በቀናት ውስጥ ርዕሰ መምህርቷ ሥራውን ለቀቁ። ልጆቹ የነበራቸው መሣሪያ ኢንተርኔት፣ ስልክና ትዕግሥት ነው። ርዕሰ መምህርቷን የቀጠሩት ትልልቅ ሰዎች ያላዩትን እነሱ ያዩት ጠይቀው ስለነበረ ብቻ ነው።

እዚያም ቢሆን መንገዱ ሁሌ አልጋ በአልጋ አይደለም። በፈረንጆቹ 1983 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ሄዝልውድ በሚባል አካባቢ አንድ ርዕሰ መምህር ከተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ሁለት ገጽ አስወጡ። ገጾቹ ላይ ስለ ተማሪዎች እርግዝናና ስለ ወላጆች ፍቺ የተጻፉ ጽሑፎች ነበሩ። ተማሪዎቹ ከሰሱ፣ ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ በ1988 5 ለ 3 በሆነ ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ተፈረደ። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ ግዛቶች የተማሪ ጋዜጦችን የሚጠብቅ የየራሳቸውን ሕግ አወጡ፤ ካንሳስ አንዷ ናት፣ በ1992።

እኛ ጋስ? የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብትን ያስቀምጣል፣ የፕሬስ ቅድመ ምርመራም የተከለከለ ነው ይላል። የሚኒ ሚዲያ ክፍል ውስጥ ያለው ልማድ ግን የታወቀ ነው፣ አስተባባሪው መምህር ሳያዩት የሚነበብ ጽሑፍ የለም። እውነቱን ለመናገር መምህሩ ማየታቸው ብቻውን አያናድደኝም። የፊደል ግድፈት ይይዛሉ፣ አንድ ልጅ ስሙ ባይነሳ የሚሻልበትን ቦታ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። የሚያናድደው ጽሑፉ ተሰርዞ ምክንያቱ ሳይነገር ሲቀር ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ፣ ክበቡ እንደተቋቋመ፣ ምን ምን ሊሰረዝ እንደሚችል ከመምህሩ ጋር ተስማምቶ በወረቀት ማስፈር ይጠቅማል። ጥር ላይ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

«የሚጻፍ ነገር የለም» የሚባለውን ግን አልቀበልም። መሀል አዲስ አበባ ተቀምጦ! በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ትልልቆቹ ሚዲያዎች ስለ መንገዱ፣ ስለ ሕንፃው፣ ስለ ኮሪደር ልማቱ ዘገቡ። አጠገባችሁ የሚቀመጠው ልጅ ግን ቤተሰቡ ወደ ከተማው ዳር ሄዶ፣ እሱ ትምህርት ቤቱን ላለመቀየር ብሎ በየቀኑ ይመላለስ ይሆናል። ስንት ሰዓት ይነሳል? ስንት ታክሲ ይይዛል? ያረፈደ ቀን በሩ ሲዘጋበት የት ይቆማል? የድሮ ሰፈሩን ልጆች የት ያገኛቸዋል? እነዚህን ከእናንተ የተሻለ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ የለም፣ ምክንያቱም ልጁን በየቀኑ ታገኙታላችሁ፣ ያምናችኋል።

አጠያየቁ ላይ ግን ተጠንቀቁ። «ከሰፈርህ በመነሳትህ ምን ተሰማህ?» ካላችሁት «ያው ምንም አይልም» ይላችኋል። ልጁ ምን ያድርግ፣ ጥያቄው ነው። «ትናንት ከቤት ስትወጣ ስንት ሰዓት ነበር?» በሉት። «11 ሰዓት ተኩል።» «ጨለማ ነበር? ከማን ጋር ወጣህ?» «ከአባቴ ጋር፣ እስከ ታክሲው ይሸኘኛል።» አሁን ታሪክ ጀመራችሁ። አንድ ቀን ጠዋት አብራችሁት ብትመጡ ደግሞ መጠየቅ እንኳ የማያስፈልጋችሁን ብዙ ነገር ታያላችሁ፣ ረዳቱ የሚጠራውን፣ ሰልፉን፣ መንገድ ላይ ጭኑ ላይ ዘርግቶ የሚያነበውን ደብተር።

ይህን ስትሠሩ ስሙ ይውጣ አይውጣ መጀመሪያ ጠይቁት፣ ቤተሰቡም ይወቅ። የተማሪ ጋዜጠኛ ከሌላው ጋዜጠኛ የሚከብድበት እዚህ ጋ ነው፣ የጻፈበትን ሰው ነገ ክፍል ውስጥ ያገኘዋል። የማን ውጤት ወረደ፣ ማን ታመመ፣ የማን ቤተሰብ ተጣላ፣ እነዚህ ዜና አይደሉም። እውነት ቢሆኑም አይደሉም።

ቴሌግራምን ሳናነሳ አናልፍም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ «ፈተናው ወጣ» የሚል ፎቶ መዞር ይጀምራል። ሁሉም ውሸት ነው ብሎ መደምደምም አያዋጣም፤ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ላይ የእንግሊዝኛው ፈተና በእርግጥ ቀድሞ ወጥቶ ፈተናው ተሰርዟል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መፈተን ከጀመረ ወዲህም መልስ እንሸጣለን የሚሉ ቻናሎች አልጠፉም። የሚኒ ሚዲያው ቻናል እንዲህ ዓይነት ፎቶ ሲደርሰው ማድረግ ያለበት ቀላል ነው፣ ፎቶውን አለመለጠፍ። «እየተባለ ነው» ብሎ መለጠፍም ያው መለጠፍ ነው። የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት በራሱ ገጽ ምን እንዳለ ይታያል፣ ካላለ ርዕሰ መምህሩ ይጠየቃሉ፣ እሳቸውም ካላወቁ እስካሁን የተረጋገጠ ነገር እንደሌለ ይጻፋል። ሌላ ቻናል ይቀድማችሁ ይሆናል፣ ይቅደም።

ተሳስታችሁ ስትገኙ ደግሞ እርማቱ ስህተቱ በወጣበት ቦታና ሰዓት ይቅረብ። ማክሰኞ ሰልፍ ላይ በሞንታርቦ የተነበበ ስህተት በቦርድ ጥግ በትንሽ ፊደል አይታረምም። «ባለፈው ማክሰኞ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነው ብለን ነበር፤ ትክክለኛው ሐሙስ ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን።» ይበቃል። በማን ጥፋት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልግም።

ዕቃ የለንም ለምትሉ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» በምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ ነበር የሚባዛው። ማጉያው ቢበላሽ፣ ስልክ ግቢ የማይገባ ቢሆን፣ አንድ ወረቀትና እስክሪብቶ አይጠፋም። ሁለት ዜና፣ አንድ ቃለ መጠይቅ፣ አንድ አስተያየት ጻፉና ሁሉም በሚያልፍበት ቦታ፣ ሻይ ቤቱ በር ላይ ወይም ደረጃው ስር ለጥፉት። ቀንና የጸሐፊው ስም ይኑርበት። ሰኞ ሰኞ ቀይሩት። የተነሳውን ግን አትጣሉት፣ ፋይል ውስጥ አስቀምጡት፤ በሁለተኛው ሴሚስተር «ሠራተኛ ይቀጠራል ብለው ነበር፣ ተቀጠረ?» ብላችሁ ወደዚያው ቢሮ ስትመለሱ በእጃችሁ መያዝ ያለባችሁ እሱን ነው።