ማያኮቭስካያ፦ ሰማይን ከምድር በታች ያወረደ የሞስኮ ጣቢያ

ማያኮቭስካያ በሩሲያ ዋና ከተማ በሞስኮ፣ ከትሪዩምፋልናያ አደባባይ ሥር 33 ሜትር ያህል ወርዶ የተሠራ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከገጣሚው ከቭላዲሚር ማያኮቭስኪ ሲሆን፣ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1938 ነው።

ከዚያ በፊት በዚህ ጥልቀት ይሠሩ የነበሩ ጣቢያዎች የአፈሩን ሸክም የሚችሉት በወፋፍራም ግንብ ስለነበር፣ መሀለኛው አዳራሽ ተሳፋሪው ባቡር ከሚጠብቅባቸው ሁለት መድረኮች ተጋርዶ ይቀር ነበር። አርክቴክቱ አሌክሴይ ዱሽኪንና አብረውት የሠሩት መሐንዲሶች ግን ክብደቱን በብረት አፅም ላይ ጥለው በግንቡ ፋንታ ቀጫጭን ዓምዶችን ስላቆሙ፣ በአዳራሹ መሀል የቆመ ሰው ግራና ቀኝ የሚገቡትን ባቡሮች ሳይጋረድበት ያያል። ዓምዶቹና ቅስቶቹ ሸንተረር ባለው የማይዝግ ብረት ተለብጠዋል፤ ከታች በኩል ደግሞ ሮዶናይት የሚባል ሮዝማ የኡራል ድንጋይ ይታይባቸዋል። የጣቢያው ናሙና በ1939 በኒውዮርክ ዓለም አቀፍ ትርኢት ላይ ታላቁን ሽልማት ማግኘቱ ይገባዋል።

የጣቢያው ትልቁ ሀብት ግን ጣሪያው ላይ ነው። ሠዓሊው አሌክሳንድር ዴይኔካ የሶቪየት አገርን የአንድ ቀን ውሎና አዳር፣ ከንጋት እስከ ሌሊት፣ በሞዛይክ አቅርቦታል፤ ዛሬ የሚታዩት 34 ናቸው። ባለቀለም የመስታወት ፍንጣሪዎቹን የገጣጠመው የሌኒንግራዱ ባለሙያ ቭላዲሚር ፍሮሎቭ ሲሆን፣ ከተማዋ በጀርመን ጦር በተከበበችበት ጊዜ፣ በ1942 ሞቷል። ሥዕሎቹ ወደ ላይ ጠለቅ ባሉ ሞላላ ጉልላቶች ውስጥ ስለተቀመጡ፣ እያንዳንዱን ለማየት ልክ ከሥሩ ቆሞ ማንጋጠጥ ያስፈልጋል፤ እየተጣደፈ የሚያልፍ መንገደኛ አንዱንም አያይም። ቀና ያለ ሰው ግን ጣሪያው የተከፈተ እስኪመስለው ድረስ ሰማያዊ ሰማይ፣ በጃንጥላ የሚወርዱ ዘላዮች፣ የፍሬ ዛፍ ቅርንጫፍና በሰልፍ የሚበሩ አውሮፕላኖች ይታዩታል።

ጣቢያው ከተከፈተ ከሦስት ዓመት በኋላ የጀርመን አውሮፕላኖች ሞስኮን ሲደበድቡ፣ ነዋሪዎች መጠለያ ያደረጉት ይህንኑ አዳራሽ ነበር። ኖቬምበር 6 ቀን 1941 ጦርነቱ ወደ ከተማዋ በተቃረበበት ሰዓት፣ የጥቅምት አብዮት 24ኛ ዓመት በዚያው ተከበረና ስታሊን ንግግር አደረገ። ታዳሚዎቹ በአዳራሹ ውስጥ በወንበር ተደርድረው ሲያዳምጡ፣ በአንደኛው መድረክ የቆመው ባቡር የካፖርት ማስቀመጫና የምግብ ቤት ሆኖ አገልግሏል።