ከግሬድ 8 በኋላ ያለው ዲፕሎማ «ግሬድ 9» አይደለም

ግሬድ 8 የሙዚቃ ደረጃ ፈተናዎች የመጨረሻው ነው፤ ከሱ በኋላ ዲፕሎማ ይመጣል። እዚህ ለንደን ፒያኖ ሳስተምር ከወላጆች በየዓመቱ የምሰማው ነገር አለ። «ልጄ ግሬድ 8ን በዲስቲንክሽን (በከፍተኛ ማዕረግ) አልፋለች፣ በሚቀጥለው ተርም ዲፕሎማውን ትፈተን።» ኧረ ተዉ! አንድ ደረጃ ብቻ የቀራት ይመስላችኋል፣ ግን የሚጠብቃት ሌላ ዓይነት ሥራ ነው።

ግሬድ 8 ላይ የምትጫወተው ሁሉ ተደምሮ ሩብ ሰዓት ቢሞላ ነው። ፈታኝ ድርጅቶቹ ትሪኒቲና ኤቢአርኤስኤም ናቸው። የትሪኒቲ የመጀመሪያ ዲፕሎማ፣ ኤቲሲኤል የሚባለው፣ ከ32 እስከ 38 ደቂቃ ይፈጃል። የኤቢአርኤስኤሙ ዲፕሎማ፣ ኤአርኤስኤም፣ ደግሞ 30 ደቂቃ ነው።

አንዲት ተማሪዬ እያንዳንዱን የሙዚቃ ሥራ ለየብቻው አሳምራ ትጫወት ነበር። ፈተናው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ሁሉንም በተከታታይ አስጫወትኳት። ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ተሰቀለ። መጨረሻ ያስቀመጥነው የቤትሆቨን ፓቴቲክ ሶናታ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍል ላይ ስትደርስ የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ደርቃ ፈጣኖቹ ኖታዎች እርስ በርስ ተዋጡ። ልምምድ አንሷት አይደለም፣ በቀን ሁለት ሰዓት ትቀመጣለች። ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጥ ተጫውታ አታውቅም ነበር፣ በቃ። ፈተናውን ለሌላ ጊዜ አዛወርነው። ቤትሆቨንን ወደ መጀመሪያ አመጣነው፣ መዝጊያው ረጋ ያለ ሥራ ሆነ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሉውን እየተጫወተች በስልክ ትቀዳ ነበር። ከአምስት ወር በኋላ አለፈች።

ስለዚህ ቢያንስ አንድ ዓመት ስጡት። ሥራዎቹን ስትመርጡ ሰዓት ይዛችሁ ለኩ፤ በመሃል የምትተነፍስበትንም ቁጠሩ።

«በቃል መጫወት ግዴታ ነው» የሚሉም አሉ። አይደለም፣ ኖታ ማስቀመጥ ይቻላል።

«ግሬድ 8 የሌለው አይፈተንም።» ኤአርኤስኤም ይጠይቃል፣ ኤቲሲኤል አይጠይቅም።

«ከእንግዲህ ስኬል (ኖታዎችን በቅደም ተከተል መውጣትና መውረድ) የለም።» ፈተናው ላይ የለም። ጣት ግን ያለ ስኬል አይፈታም፣ ጠዋት አስር ደቂቃ አትከልክሏት።

«ከባድ ሥራ የመረጠ የበለጠ ነጥብ ያገኛል» የሚለው ብዙ ልጅ ጎድቷል። እየታገለች ከምትጫወተው ይልቅ በእጇ የገባውን አጥርታ ብትጫወት ይሻላታል።

«ዲፕሎማ ካላት ዲግሪ አላት ማለት ነው።» ኤቲሲኤል ደረጃው ከዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ጋር ነው የሚነጻጸረው፣ ዲግሪ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ የፈተናው ክፍል ውስጥ ያለው ፒያኖ ቁልፎቹ ምናልባት ከቤታችሁ ፒያኖ በጣም ለጣት የከበዱ ይሆናሉ። ፈተናው ወር ሲቀረው ጀምራችሁ የዘመድም ይሁን የትምህርት ቤት ሌላ ፒያኖ ላይ አስጫውቷት።